የ1972ቱን ጃዝ ቤዝ መድረክ ላይ ላውጣው ወይስ ላስቀምጠው?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ አጎቴ ከአሜሪካ ጠቅልሎ ሲመጣ የያዘው ፌንደር ጃዝ ቤዝ ጊታር አሁን የእኔ ሆኗል። በ1972 የተሠራ ነው ይባላል። አንዱ የማንገቻ ቁልፍ ከመላላቱ በስተቀር ምንም አልተነካካም፤ የድሮው አምፕሊፋየርም አብሮት አለ። ቅዳሜና እሑድ ማታ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ እንጫወታለን፤ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ የሠርግ ሥራ ይበዛል። ጓደኞቼ ‹ይህን ይዞ ሠርግ የሚሄድ እብድ ነው፣ ቆልፍበትና ርካሽ ግዛ› ይሉኛል። ሳውንድ የሚሠራልን ልጅ ደግሞ እዝዝ ይላል፣ ፒክአፑን ቀይረው ይለኛል። አጎቴ ‹ካልተጫወትክበት ለምን ሰጠሁህ?› ብሎ ተቀይሟል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

አጎትህን ስማ። ጓደኞችህን ስለ ሠርጉ ብቻ ስማቸው። የሳውንዱን ልጅ ደግሞ ስለ ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚቀይረው ማግኔትና ጥቅል ሽቦ) ጨርሶ አትስማው።

ለሆቴሉ ሥራ ቤዙን ይዘህ ሂድ፤ ለድንኳን ሠርግ ሌላ ቤዝ ያዝ። ለቸኮለ ሰው ይህ ይበቃል። ረዘም አድርጌ የምጽፈው ነገ የምረቃ ዝግጅት፣ ከነገ ወዲያ የአደባባይ መድረክ ሲመጣ ሰው ሳትጠይቅ ራስህ እንድትወስን ነው።

መጀመሪያ ዘመኑን እናረጋግጥ፤ ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ፌንደር ሁሉ ቤት የሚገዛ የሚመስለው ሰው በከተማችን ብዙ ነውና። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሊዮ ፌንደር ፋብሪካ ፕሪሲሽን የተባለውን ቤዝ ያወጣው በ1951 ነው፤ ጃዝ ቤዝ የተከተለው በ1960። በ1965 መጀመሪያ ላይ ሲቢኤስ የተባለው ኩባንያ ፋብሪካውን በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሰብሳቢዎች ዘመኑን በዚህ ሽያጭ ለሁለት ይከፍሉታል። ትልቁ ገንዘብ የሚከፈለው ከሽያጩ በፊት ለተሠሩት፣ ከእነርሱም መካከል መቆጣጠሪያዎቻቸው አንዱ በአንዱ ላይ ለተደራረቡት የመጀመሪያዎቹ ጃዝ ቤዞች ነው። የአንተ ከሽያጩ በኋላ የመጣ ነው። ለብዙ ዓመታት «የሲቢኤስ ዘመን» እየተባለ ሲናቅ ኖሮ፣ ዛሬ እርሱም በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ቅርስ አይደለም፤ እንደ ልብ የሚወረወርም ዕቃ አይደለም።

1972 መሆኑን በወሬ አትቀበል። ከጀርባው አንገቱን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው የብረት ሳህን በአራት ብሎኖች መታሰሩንና ትልቅ «ኤፍ» ፊደል የተቀረጸበት መሆኑን እይ፤ ሦስት ብሎን ከሆነ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያለ ነው። በጣት መርገጫው ላይ የተለበዱት ምልክቶች ነጥብ ሳይሆኑ አራት ማዕዘን መሆን አለባቸው። ከዚያ መቆጣጠሪያዎቹን የያዘውን ብረት ብሎኖች ፈትተህ ቀስ አድርገህ ገልብጠው። በመቆጣጠሪያዎቹ ጀርባ ወይም ጎን ላይ የታተመ ቁጥር ታገኛለህ። ለምሳሌ 1377206 ቢል፣ 137 የአምራቹ የሲቲኤስ መለያ ነው፤ 72 ዓመቱ፤ 06 ስድስተኛው ሳምንት። ይህ መቆጣጠሪያው የተሠራበት ቀን ስለሆነ ቤዙ የተገጣጠመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ሊሆን አይችልም። ስልክህን አውጥተህ ፎቶግራፍ አንሣና መልሰህ ዝጋው። ብየዳውን የሚነካ እጅ ወደዚያ አይግባ።

ብየዳውን ያልኩት ለማጋነን አይደለም። የእንደዚህ ዓይነት ዕቃ የገበያ ዋጋ የተሠራው ከፋብሪካ እንደወጣ በመቆየቱ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ቀለም፣ የመጀመሪያው ፒክአፕ፣ ያልተነካ ብየዳ፣ አልፎ ተርፎ የመጀመሪያዎቹ ብሎኖች። ቀለሙን አራግፎ እንደ አዲስ የቀባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዋጋውን ግማሽ ያህል አብሮ አራግፎታል። ፒክአፕ ቀይሮ የድሮውን የጣለም እንዲሁ። በአንጻሩ በጨዋታ ብዛት ያለቁ ፍሬቶችን (በጣት መርገጫው ላይ የተተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች) በአዲስ መተካት፣ በደንብ እስከተሠራ ድረስ፣ ብዙ አይጎዳም። ክንድ ያረፈበት ቦታ ቀለሙ መሳሳቱ፣ የቀበቶ መያዣ የጫረው ጀርባ፣ የአውራ ጣት ላብ ያደበዘዘው አንገት ደግሞ ገዢን አያስደነግጡም፤ እንዲያውም ዕቃው እውነተኛ ለመሆኑ ይመሰክራሉ። ገበያው ራሱ እየነገረህ ያለው ይህን ነው፦ እንዲህ ያለውን ቤዝ ከመጫወት ይልቅ ማሻሻል ይገድለዋል። ይህን የሚጽፍልህ ከጥገና እንጀራ የሚበላ ሰው መሆኑንም አስብበት።

አሁን ወደ እዝዝታው። ጃዝ ቤዝ ሁለት ፒክአፖች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ናቸው። አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻውን ሲሆን በዙሪያው ያለውን የኤሌክትሪክ ሁካታ ሁሉ ይሰበስባል፤ የፍሎረሰንት መብራት፣ የመብራት ማደብዘዣ፣ ከመድረኩ ሥር የሚያልፈው ወፍራም ገመድ። ነገር ግን ሁለቱ ፒክአፖች በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠቀለሉ ስለሆኑ የሁለቱም ድምፅ እኩል ሲከፈት ሁካታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ይቀራል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ሁለቱን የድምፅ መቆጣጠሪያዎች እስከ መጨረሻው ክፈታቸውና የሳውንዱን ልጅ አሁን ስማ በለው። ፈጽሞ ካልቀነሰ ችግሩ ያለው ከፒክአፑ ሳይሆን ከሶኬቱ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

እንግዲህ ዋናው ነገር። መድረክ ላይ እጅህ ውስጥ ያለ ቤዝ ብዙም አደጋ አያገኘውም። አደጋው የሚመጣው ከእጅህ ሲወጣ ነው። የታወቁትን የቤዝ ታሪኮች ተመልከት። ጃኮ ፓስቶሪየስ ፍሬቶቹን ነቅሎ ያለ ፍሬት ሲጫወትበት የኖረው የ1962 ጃዝ ቤዝ በ1986 ኒው ዮርክ ውስጥ ከዋሽንግተን ስኩዌር መናፈሻ ተሰረቀ፤ እንደገና ብቅ ያለው ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ጄምስ ጄመርሰን ሞታውን የተባለውን የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ዘፈኖች የሠራበት የ1962 ፕሪሲሽን በ1983 ባለቤቱ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ተሰርቆ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ፖል ማካርትኒ በ1961 ሐምቡርግ ውስጥ የገዛው የቫዮሊን ቅርጽ ያለው ሆፍነር ቤዝ ለንደን ውስጥ በ1972 ከቆመ መኪና ተወስዶ፣ ወደ ባለቤቱ መመለሱ የተነገረው በ2024 ነው። ሦስቱም እስኪጠግቡ የተጫወቱባቸው ዕቃዎች ናቸው። አንዱንም መድረክ አልበላውም።

የእኛ ከተማ መድረክም ከዚህ የተለየ ነገር አያስተምርም። ከጎንደር ሙዚቀኞች እጅ ወደ እኔ የሚመጡ የተሰበሩ አንገቶችና የተጣመሙ መቃኛዎች ታሪካቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ባንዱ የመጀመሪያውን ዙር ጨርሶ ለዕረፍት ይወርዳል። ቤዙ አምፕሊፋየሩ ላይ ተደግፎ ይቀራል። ተረኛው ማሲንቆ ተጫዋች ይወጣል፣ ጎንደርኛው ይጀመራል፣ እስክስታው ይደምቃል፤ የጣውላው መድረክ ትከሻ በተንቀጠቀጠ ቁጥር አብሮ ይንቀጠቀጣል። የተደገፈ ቤዝ በአንገቱ ጫፍ በኩል ነው የሚወድቀው። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር ነው። መውደቂያው ሰዓት ደግሞ ባለቤቱ ውጭ ቆሞ ቡና የሚጠጣበት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው የሽልማት ነገር ነው። ሞቅ ያለው እንግዳ ብር ይዞ ይወጣል፤ ድምፃዊው ግንባር ላይ ይለጥፋል፤ ከዚያ ቤዝ ተጫዋቹን ሳያቅፍ አይወርድም። በአንድ እጁ ብርጭቆ አለ። ባህሉ መልካም ነው፣ ባይኖር እኛም አንኖርም፤ ነገር ግን እቅፉ ሲመጣ ወደ ጎን ዞረህ በትከሻህ መቀበል፣ የቤዙን አንገት ወደ ላይ ማቆም ልመድ። የቆመ አንገት ማይክሮፎን መቆሚያም፣ የድራም ሲምባልም አይመታውም። ቢራ ከፈሰሰበት በደረቅ ጨርቅ ወዲያውኑ ጥረገው፤ ፒክአፑ ውስጥ ገብቷል ብለህ ከጠረጠርክ መድረኩ ላይ አትፍታው።

ስለዚህ ለሆቴሉ የምሰጥህ ሕግ አጭር ነው። ከትከሻህ ሲወርድ ወደ ሳጥኑ ይገባል፣ ሳጥኑ ይዘጋል። ሳጥኑ ጠንካራው ይሁን፤ የጨርቅ ቦርሳ ለዚህ ቤዝ አይሆንም። መቆሚያ የሚባለውን ነገር ለልምምድ ክፍል ተወው። ሳጥኑ የሚቀመጥበት የሚቆለፍ ክፍል ሆቴሉ እንዳለው ሥራ አስኪያጁን አስቀድመህ ጠይቅ። ከሌለው ሳጥኑ ከአንተ ጋር ወደ ምግብ ጠረጴዛው ይሄዳል፤ ይህ የሚያሳፍርህ ከሆነ በርካሹ ተጫወት። ሥራው ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ ሒሳብ ሲከፋፈል በር ላይ ከዕቃ ጋር የሚቆመው አንድ ሰው ማን እንደሆነ ባንዱ ከወዲሁ ይወስን። ማካርትኒን ያስለቀሰው የቆመ መኪና መሆኑን አትርሳ።

ጉዞው። በባጃጅ ሳጥኑን ከኋላ ወንበር ላይ ከአንተ ጋር አግባው፤ አንገቱ ያለበትን ጫፍ ወደ ውጭ አታውጣ። በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ግን ለአንዲት ፌርማታ እንኳ አይጫንም። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ገመድ ለመላላት ግን ይበቃል። ማታ ብርድ ከወጣበት ወደ ሞቀ አዳራሽ ስትገባ ሳጥኑን ሳትከፍት ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጠው፤ መቃኘትህም ያኔ ይረጋል።

ሠርጉን ለምን ከለከልኩህ? ድንኳን ውስጥ የተቆጣጠርከው ነገር አንድም የለም። መድረኩ ብዙ ጊዜ መድረክ አይደለም፤ ሣር ወይም ጭቃ ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ ነው። የሚቆለፍ ክፍል የለም። ልጆች ኬብሉን ዘለው ያልፋሉ፤ ኬብሉን ዘለው ካላለፉ ይጎትቱታል። የሙሽራው ሚዜ «አንዴ ልሞክረው» ይላል፤ እምቢ ብትለው ቅያሜ፣ እሺ ብትለው አንተ ራስህ ቀጭን ብርጭቆ ላይ የቆምክ ያህል ትጨነቃለህ። የጥር ሠርግስ ደረቅ ነው፤ የሚያዝያና የግንቦቱ ግን ያልታሰበ ዝናብ አለበት። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ድምፁ። በሠርግ ድንኳን ስፒከሩ እስኪሰነጠቅ ይከፈታል፤ ቤዝህ ከዚያ ሲወጣ የ1972 ይሁን የትናንት አጎትህ እንኳ አይለየውም። ሆቴሉ ውስጥ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ትዝታ ስትጫወቱ እያንዳንዱ የጣትህ አነካክ ይሰማል። ጥሩ ዕቃ የሚወጣው ጥሩነቱ ለሚሰማበት ቦታ ነው ብዬ ስለማምን ምርጫዬ ከዚህ ይጀምራል፤ ስርቆቱና ዝናቡ በኋላ ይመጣሉ። የጥምቀት ሰሞን የአደባባይ መድረክንም በዚሁ ሚዛን መዝነው፤ ሕዝቡ ይብዛ እንጂ መድረኩ ጥብቅ ከሆነ፣ ከኋላው የሚጠበቅ ቦታ ካለና ሳውንዱ የባለሙያ ከሆነ ከድንኳኑ ይሻላል። አቧራውን ማታ ትጠርጋለህ።

ለሠርጉ የምትገዛው ርካሽ ቤዝ ስኳየር፣ ያማሃ ወይም አይባኔዝ ቢሆን ግድ የለኝም። ሁለት ነገር ብቻ ተመሳሳይ ይሁን። የክሩ መለኪያ ርዝመት እንደ ጃዝ ቤዝህ 34 ኢንች ይሁን፤ አንገቱም ጫፉ ላይ እንደ እርሱ ጠባብ፣ 38 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን። አለዚያ ቅዳሜ በአንዱ፣ እሑድ በሌላው ስትጫወት እጅህ ፍሬቱን ይስታል። ተመሳሳይ ዓይነት ክር አድርግባቸው።

ስለ ክር ከተነሣ፣ በአንተ ቦታ ብሆን አሮጌው ላይ ሽፋኑ ጠፍጣፋ የሆነውን ክር አደርግ ነበር። ፍሬት የሚበላው ያነሰ ነው፣ ይህ አንድ። ሁለተኛ፣ ድምፁ ቶሎ ስለሚሰበሰብ በፈጣኑ የጎንደር ምት ውስጥ ለከበሮው ቦታ ይተውለታል። ጄመርሰን እንዲህ ያለውን ክር እስኪበጠስ አይቀይርም ነበር ይባልለታል። የኛዎቹንም ስማ፤ በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ቅጂዎች ላይ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጥቂት ኖታ ይዞ ዘፈኑን እንዴት እንደሚነዳው አድምጥ። የጠራና የሚያብረቀርቅ ድምፅ የምትፈልግ ከሆነ ግን ክቡን ክር አድርግ፤ በጣዕም አልከራከርህም።

አሁን ከቤዙ የበለጠ የሚያስጨንቀኝ፣ አንተ በአንድ ሐረግ ያለፍከው የአጎትህ አምፕሊፋየር ነው። የአሜሪካ ዕቃ ከሆነ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መስመር 220 ነው። የስፒና መቀየሪያ ቮልት አይቀይርም፤ ቅርጽ ብቻ ነው የሚቀይረው። ያለ ትራንስፎርመር ከሰካኸው ያን ቀን ያልቅለታል። ትራንስፎርመሩ ሊሸከመው የሚችለው ዋት ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ከተጻፈው በሰፊው ይብለጥ። ለዓመታት ሳይበራ ከተቀመጠም በቀጥታ አታብራው፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በዕድሜ ይደርቃሉና የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ከፍቶ ይያቸው። ራስህ አትክፈተው፤ ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ቮልት ውስጡ ሊቆይ ይችላል።

ቤዙ ራሱ ባትሪ የሌለው ስለሆነ መብራት ሄዶ ቢመጣ፣ ጄኔሬተሩ ቢንገዳገድ አይቃጠልም። አንተ ግን ልትቃጠል ትችላለህ። የቤዙ ክሮች በብሪጁ (አካሉ ላይ በሚታሰሩበት ብረት)፣ ከብሪጁ በኬብሉ አድርገው ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካል ጋር የተገናኙ ናቸው። አምፕሊፋየሩ በኧርዝ ከመሬት ጋር ካልተያያዘና ውስጡ ጉድለት ካለ፣ ክሮቹ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ። እጅህ ክሩ ላይ እያለ ከንፈርህ ከሌላ መስመር የመጣ ማይክሮፎን ሲነካ የኤሌክትሪኩ ዑደት በአንተ በኩል ይገናኛል። ብዙ ልጆች «ማይኩ ነከሰኝ» እያሉ በሳቅ የሚያልፉት ነገር ይህ ነው። አያስቅም። ባለ ሁለት እግር ስፒና ያለው የድሮ አምፕሊፋየር ከሆነ ባለ ሦስት ሽቦ ኬብል በባለሙያ ይግባለት። አምፕሊፋየሩና ሚክሰሩ ከአንድ የኧርዝ መስመር ይመገቡ። እዝዝታውን ለማጥፋት ብሎ የኧርዙን እግር የሚቆርጥ ሰው ካየህ ቤዝህን ይዘህ ውጣ። ቅድም ፈጽሞ የማይቀንስ እዝዝታ ከሶኬት ነው ያልኩህም ለዚህ ነው፤ ክሩን ስትነካ የሚጠፋ፣ ስትለቅ የሚመጣ ጩኸት የተለመደ ነው፣ ክሩን ስትነካ የሚብስ ከሆነ ግን ግንኙነቱ ትክክል አይደለምና ከመጫወትህ በፊት ይፈተሽ።

ቤት ውስጥ ስላለው ጊዜም ትንሽ ልበል፤ «ቆልፍበት» የሚሉህ ሰዎች የተቆለፈ ዕቃ የማይበላሽ ይመስላቸዋል። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ላይ ነን፤ በጋው ደረቅ፣ ክረምቱ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ልብስ የማይደርቅበት። በዝግ ሳጥን ውስጥ ወራት የከረመ ቤዝ ክሩ ይዝጋል፣ መቆጣጠሪያዎቹ ሲዞሩ ይንኮሻኮሻሉ፣ የሳጥኑ ጨርቅ ይሻግታል፣ አንገቱም ማንም ሳያየው ይጣመማል። በየሳምንቱ የሚጫወትበት ሰው የክሮቹ ከፍታ ሲለወጥ በዚያው ዕለት ያውቃል። በአንገቱ ውስጥ ያለው ማጠንከሪያ ብረት በአንተ ቤዝ የሚስተካከለው ከአካሉ በኩል ስለሆነ አንገቱን ማላላት ይጠይቃል፤ በየወሩ እየፈታህ የእንጨቱን ቀዳዳ አታድክም። ክረምቱ ሲገባና ሲወጣ ተመልከተው፤ የሚያስፈልገው ከሆነ ብቻ ይነካ። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ቁም ሳጥን አናት ላይ አታስቀምጠው፤ ከሰዓት በኋላ እዚያ ያለው ሙቀት ሌላ ነው። ቀለሙ አያሳስብህ። በዚያ ዘመን ፌንደር አካሉን የሚሸፍነው በወፍራም ፖሊስተር ነበር፤ ቀደምቶቹ ላይ ያለው ስስ ላከር በብርድና በሙቀት እንደሚሰነጣጠቀው ቶሎ አይሰነጠቅም። የአንገቱ ጫፍ ፊት፣ የፌንደር ስም የተጻፈበት፣ ግን ስሱ ላከር ነው፤ እርሱን በአልኮል አትጥረግ።

የሚጫወቱባቸው ሰዎች ምሳሌ ከፈለግህ ካናዳዊው ጌዲ ሊ አለ፤ በ1978 ካላማዙ በተባለች የአሜሪካ ከተማ፣ የመያዣ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ በ200 ዶላር ያህል የገዛው ጃዝ ቤዝ የ1972 ነው፣ ልክ እንደ አንተ። ስታዲየም ለስታዲየም ይዞት ዞረ፤ በኋላ ፋብሪካው ራሱ የዚያን ቤዝ ቅጂ በስሙ አወጣ። ማርከስ ሚለር የ1977 ጃዝ ቤዙ ውስጥ ተጨማሪ ኤሌክትሮኒክስ አስገብቶ፣ ብሪጁን ቀይሮ ዕድሜ ልኩን ሲጫወትበት ኖሯል፤ ለሰብሳቢ የተነካካ ዕቃ ነው፣ ግን እርሱም ቅጂው በፋብሪካ ተሠርቷል። ይህንን ጠቅሰህ ግን ፒክአፕ ቀያሪውን አታስገባብኝ። ማርከስ ሚለር የነካካው ቤዝ ዋጋው የማርከስ ሚለር በመሆኑ ነው፤ አንተና እኔ የነካካነው ዋጋው የተነካካ በመሆኑ ነው።

ገና ያልሠራኸው አንድ ነገር አለ፦ ፎቶግራፍ። የተከታታይ ቁጥሩን፣ የጀርባውን ሳህን፣ የእንጨቱን ጥለት፣ እያንዳንዱን ጭረት በደንብ ብርሃን ውስጥ አንሣና ከስልክህ ውጭ የሆነ ቦታ አስቀምጥ፤ ስልክና ቤዝ አብረው ሊሰረቁ ይችላሉ። አጎትህ የግዢ ወረቀት ወይም ከቤዙ ጋር የተነሣው የድሮ ፎቶ ካለው ቅጂውን ለምነው። አንድ ቀን ከባንዱ ጋር ወደ ውጭ አገር ብትሄድም ስትወጣ በጉምሩክ አስመዝግበው፤ ስትመለስ አዲስ ዕቃ ገዝተህ የገባህ እንዳይመስል። የመድን ነገርን ደግሞ ከተማ ውስጥ ካሉት ቅርንጫፎች ሂድና ጠይቅ፤ ስትጠይቅ «ከቤት ውጭ በሥራ ላይ እያለ» የሚለው መሸፈኑን ለይተህ ጠይቅ።

እስከ ቅዳሜ ግን ከሁሉ የሚቀድመው የላላው የማንገቻ ቁልፍ ነው። ከአራት ኪሎ የሚበልጥ እንጨት የሚንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው። ወፍራም ብሎን ፈልገህ አታስገባበት፤ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ የመጀመሪያው ብሎንም ያኔ ይጠፋል። ቁልፉን ፍታ፣ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨቶች በእንጨት ኮላ ነክረህ ቀዳዳው እስኪሞላ አስገባ፣ ከአካሉ ጋር እኩል ቁረጣቸው። ኮላው ሌሊቱን ይደር። በማግሥቱ ያንኑ የድሮ ብሎን በእጅ ካቻቢቴ፣ በመሰርሰሪያ ሳይሆን፣ ቀስ እያልክ አጥብቀው፤ በማንገቻውና በቁልፉ ጫፍ መካከል የምታስገባት ከመኪና የውስጥ ጎማ የተቆረጠች ክብ ቁራጭ ማንገቻው እንዳይወልቅ ትይዘዋለች።